«ቀስ በል» የሚለን ማነው? ከኦስሎ የቀለበት መንገድ እስከ አዲስ አበባ ኬላ

ከኦስሎ፣ ኖርዌይ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አበው። የኛን የስደተኞቹን ነገር ከዚህ አባባል የተሻለ የሚገልጸው ያለ አይመስለኝም። መንግሥት የሚባል አካል «ከዚህ በላይ አትፍጠን»፣ «በዚህ ሰዓት አትውጣ»፣ «በዚህ መንገድ አትለፍ» ባለ ቁጥር፣ ተናጋሪው የኖርዌይም ይሁን የኢትዮጵያ፣ ሆዳችን ይሸበራል። ልጥ ይሁን እባብ ለመለየት ጊዜ አንወስድም። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በዚህች ጽሑፍ ላነሳ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ለመሆኑ ልጡንና እባቡን የምንለይበት መንገድ አለን ወይ?

ለኔ ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 2004 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከኦስሎ መሐል ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚወጣው ትሮንድሃይምስቫየን በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ የክረምቱ የፍጥነት ወሰን በሰዓት ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር እንዲወርድ ተደረገ። በተከታዩ ዓመት ተራው የሪንግ 3፣ ማለትም የከተማዋ ሦስተኛ የቀለበት መንገድ ሆነ። ከዚያም በ2006 ኢ18 የሚባለው ጎዳና ተከተለ። በምክንያትነት የቀረበው የመኪና አደጋ ሳይሆን አቧራ ነበር። እዚህ አገር በበረዶው ወራት ብዙ ሰው የብረት ሚስማር የተተከለበት ጎማ ይጠቀማል። ሚስማሩ በረዶ ሲያጣ አስፋልቱን ይፈጫል። የተፈጨው ድንጋይ ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ቀን ከተማዋ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ አስም ያለበት ሕፃንና ሽማግሌ ይተነፍሰዋል። መኪናው በፈጠነ መጠን መፍጨቱም ማቡነኑም ይብሳል።

በዚያን ጊዜ ታክሲ እነዳ ነበር። በባቡር ጣቢያው ፊት ተራ ስንጠብቅ ሐበሾቹ አንድ ላይ እንቆማለን፤ ወሬያችን እንደ ወትሮው ከአገር ቤት ፖለቲካ ይጀምርና በክሮነር ያልቃል። ያን ሰሞን ግን የፍጥነቱ ነገር ሌላውን ወሬ ሁሉ ዋጠው። አንዱ ወጣት ወደ አንጋፋችን ዞሮ «ጋሼ፣ እዚህም ደርግ መጣብን እኮ! ነገ ደግሞ ይለፍ አምጡ ሊሉን ነው?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ ግን አልሳቁም። «አንተ ልጅ፣ ይለፍ ምን እንደሆነ ብታውቅ ኖሮ እንዲህ አትቀልድም ነበር» ብለው ሲጋራቸውን አጥፍተው ወደ መኪናቸው ገቡ። በዚያው ወር እኔም በቀለበት መንገዱ ላይ ስከንፍ ተይዤ የቅጣት ወረቀት ደረሰኝ። ከፈልኩ፤ ግን «ለአቧራ ብሎ ሰው ይቀጣል?» እያልኩ ስንት ቀን ስብከነከን ከረምኩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ወደ ታሪኩ ልግባ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ዛሬ የነፃነት አገር የምንላት ኖርዌይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለ15 ዓመታት ያህል ዜጋዋ እንደልቡ መኪና እንዳይገዛ ከልክላ ኖራለች። ገንዘብ ያለው ሁሉ ሄዶ መኪና አይገዛም ነበር፤ የመግዣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ የሚሰጠው እንደ ሐኪም ላለ መኪና ለሥራው የግድ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር፤ ያለችው ዶላር ለመርከብና ለፋብሪካ ትዋል ተባለ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ጋዜጦች ጻፉ፤ በፓርላማ ተሟገቱበት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1960 ገደቡ ተነሣ። ይህን የሠራው የኮሚኒስት አምባገነን እንዳይመስላችሁ፤ በነፃ ምርጫ ተመርጦ የሚያስተዳድር መንግሥት ነው። እንግዲህ ገደብ ማውጣት የአምባገነን ብቻ ጠባይ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ታሪክ የሁለቱንም አገሮቼን ዕጣ ያገናኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 መገባደጃ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቅቡ ዓለም ሁሉ ተናወጠ። የኖርዌይ መንግሥት በታኅሣሥ ወር በቅዳሜና እሁድ የግል መኪና መንዳትን ከለከለ። በዚያን ሰሞን በአንዱ እሁድ ንጉሥ ኦላፍ አምስተኛ የበረዶ መንሸራተቻቸውን ይዘው፣ እንደማንኛውም ሰው ቲኬት ሊከፍሉ ገንዘብ አውጥተው፣ ወደ ሆልመንኮለን አቅጣጫ በሚወጣው የከተማ ባቡር ተሳፈሩ። ልዩ ፈቃድ ቢጠይቁ የሚነፍጋቸው አልነበረም። ያ ሲከፍሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በየቤቱ ይታወቃል፤ ኖርዌያውያን ስለ ንጉሣቸው ሲያወሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት እሱን ነው።

ያው የነዳጅ ማዕበል ሁለት ወር ቆይቶ አዲስ አበባን መታ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። ለታክሲ ነጂው ግን ታሪፉን እንዲጨምር አልተፈቀደለትም። አባቴ በዚያን ጊዜ ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ይነዱ ነበር። መኪናዋ የሳቸው አልነበረችም፤ ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባሉ። ቤንዚኑ ሲጨምር የባለንብረቱ ገቢ አልቀነሰም፤ የተሳፋሪው ሒሳብ አልጨመረም፤ የቀነሰው የኛ የልጆቹ ዳቦ ብቻ ነበር። የካቲት 11 ቀን መምህራኑ ሥራ ሲያቆሙ ባለታክሲዎቹም መኪናቸውን አቆሙ። ተማሪው ድንጋይ አነሣ፤ አውቶቡስ ተሰባበረ፤ ከተማዋ ጭር አለች። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀንስ አዘዙ፤ ግን ውኃ ከፈሰሰ በኋላ ነበር። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

ልብ በሉልኝ! ነዳጁን ያስወደደው ኃይለ ሥላሴም ኦላፍም አይደሉም። ችግሩ አንድ ነው፤ ዓመቱም አንድ ነው። አንደኛው ንጉሥ ሸክሙን ከሕዝቡ ጋር ተሸክሞ ሲታይ፣ በሌላው አገር ሸክሙ በሙሉ ከታች ባለው ጫንቃ ላይ ተጣለ፤ «ከበደኝ» የሚልበት አደባባይም አልነበረውም። ባለታክሲው «ከበደኝ» ለማለት የቀረው አንድ መንገድ መኪናውን ማቆም ብቻ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ገደብ የሚባለው ነገር ሌላ መልክ ያዘ። የኛ ትውልድ በመንገድ ላይ የሚጣል ክልከላን ሁሉ የሚፈራው ከዚያ ጀምሮ ነው። ሰዓት እላፊ መጣ። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ግድ ሆነ። አያቴ ደሴ ላይ ታመው አባቴ ሊጠይቁ ሲነሡ ወረቀቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላልሰዋል። «ለምን ትሄዳለህ? ማን ዘንድ ታርፋለህ? መቼ ትመለሳለህ?» ይባላል። ወረቀቱ ተገኝቶም በየኬላው መውረድ፣ መፈተሽ፣ እንደገና መሳፈር ነበር። አባቴ ሲደርሱ አያቴ ተቀብረዋል። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ይህ ሁሉ ሲደረግ «ለአብዮቱ ደኅንነት» እና «ለቁጠባ» ይባል ነበር እንጂ «ልቆጣጠርህ ነው» ያለ ማንም የለም። ጋሼ በታክሲ ተራው ላይ ያልሳቁት ለዚህ ነው።

ወያኔ/ኢሕአዴግ ኬላውን ቢያነሣም መንገዱን ለሕዝቡ አልለቀቀም። ከ1997 ምርጫ በኋላ፣ በጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ሕዝቡ ተቃውሞውን በሰላም እንዲገልጽ ሲጠራ ከጥሪዎቹ አንዱ ሾፌሮች ክላክስ እንዲያሰሙ ነበር። ክላክስ! በድምፅ ብልጫ ያሸነፈ ይግዛ ለማለት ሰው ጥሩንባ ነፋ። ባለታክሲዎች ታሠሩ። በማግሥቱ የተነሣው ሁከት ወደ ደም ተለወጠ፤ በሰኔና በጥቅምት ግድያዎች 193 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ። እንግዲህ በአገራችን መኪና የነዳ ሰው መሪ በጨበጠ ቁጥር ፖለቲካ ውስጥ ገብቷል ብል ማጋነን ይሆንብኛል?

እዚህ ላይ ግን ራሴን የምጠይቅበት ቦታ ደረስኩ። እስካሁን የተናገርኩት ለኛ ለተጠራጣሪዎቹ የሚመች ነው። የማይመቸውን ደግሞ ልናገር።

የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች እንደገና ሥራ አቆሙ። ምክንያቱ አዲሱ የትራፊክ ደንብ ነበር፤ አጥፊ ሾፌር ነጥብ ይያዝበታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ከተማዋ በእግሯ ሄደች። መንግሥት ደነገጠና ደንቡን ለሦስት ወር አቆየው። እኛ በውጭ ያለነው አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። «ሕዝብ ሲተባበር እንዲህ ነው» ብዬ በስልክ ስንቱን አበሰርኩ!

አሁን ሳስበው ግን ደስታዬ ይጎመዝዘኛል። በአገራችን በእነዚያ ዓመታት በመኪና አደጋ በዓመት ከ4,000 በላይ ሰው ይሞት ነበር። በአዲስ አበባ ከሟቾቹ አብዛኛዎቹ መኪና የሌላቸው እግረኞች ናቸው። ከነሱ አንዷ የአክስቴ ልጅ ነበረች። አንድ ሰፊ መንገድ ላይ ከሥራ ስትመለስ ስትሻገር መኪና መታት። እኔ ወረቀቴ ገና አልተስተካከለም ነበርና ለቀብሯ መሄድ አልቻልኩም፤ ኦስሎ ላይ በጓደኛዬ ቤት ልቅሶ ተቀመጥኩ። የመጣው ሁሉ «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይለኝ ነበር። እኔም እንደዚያው አልኩ። የእግዜር ቁጣ ነበር ወይስ ፍጥነት ነበር? መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚይዘው ጉልበት በ30 ሲሄድ ከሚይዘው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ይህ የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ሳይሆን ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ ነው። ጉልበቱን የሚቀበለው ደግሞ የእግረኛው አጥንት ነው።

የ2008ቱ ባለታክሲዎች ታዲያ ሞኞች ነበሩ? አልነበሩም። ነጥቡን የሚይዘው እጅ ማን መሆኑን ያውቁ ነበር። አለአግባብ ነጥብ ቢያዝባቸው ይግባኝ ብለው የሚረቱ መሆናቸውን አላመኑም። ሳይመክሩበት የወጣ ደንብ እንደ ቅጣት እንጂ እንደ ሕግ አልታያቸውም። ሕጉ ሰው የሚያድን ሊሆን ይችል ነበር፤ ያልታመነው እጁ ነው። አምባገነንነት ከሚያደርስብን ጉዳት አንዱ ይህ ነው፤ መልካሙን ትእዛዝ እንኳ ከክፉው መለየት እንዳንችል አድርጎናል። በኬላው የተለማመድነው ጥርጣሬ በእግረኛ ማቋረጫው ላይ ሰው ይገድላል።

ወደ ኦስሎ ልመለስ። እዚህም ቢሆን ተጠራጣሪው ሁልጊዜ አልተሳሳተም። በፈረንጆቹ 2007 መንግሥት የመኪና ቀረጥን በካርቦን ልቀት መጠን ላይ እንዲመሠረት ሲያደርግ ሕዝቡ ወደ ናፍጣ መኪና ጎረፈ፤ ለአየር ንብረት ይሻላል ተብሏልና። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 17 ቀን 2017፣ የኦስሎ ማዘጋጃ ቤት አየሩ ስለተበከለ ለአንድ ቀን የናፍጣ መኪና በከተማዋ መንገዶች ላይ እንዳይነዳ ከለከለ። አንዱ መንግሥት «ግዛ» አለ፤ ሌላው መንግሥት «አቁም» አለ። ሁለቱም «ሳይንስ ነው» አሉ። በዚያ ቀን የተናደደን ሾፌር «ሳይንስ ጠላ» ብዬ ልሰድበው አልችልም። የክረምቱ የ60 ወሰንም ለጥቂት ዓመታት ተቋርጦ በ2016 ነው የተመለሰው። እንግዲህ ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ሲወጡ ሲወርዱ ነው የኖሩት።

ግን ልዩነቱ የቱ ላይ እንደሆነ ተመልከቱ። ኦስሎ ከ1990 ጀምሮ ወደ ከተማዋ የሚገባውን መኪና ታስከፍላለች። በ2015 የተመረጠው የከተማው አስተዳደር መሐል ከተማውን ከግል መኪና ነፃ አደርጋለሁ አለ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመኪና ማቆሚያዎች ተነሡ፤ ብዙ መንገድ ላይ የፍጥነት ወሰን ወረደ። በ2019 የመክፈያ ጣቢያው ሲበዛ የተቆጣው ሕዝብ ምን አደረገ? ፓርቲ ይዞ ምርጫ ገባ! «የመንገድ ክፍያ ይብቃ» የሚል ፓርቲ በዚያው ዓመት በተደረገው የአካባቢ ምርጫ በኦስሎ 5.8 በመቶ፣ በበርገን ከተማ ደግሞ 16.7 በመቶ ድምፅ አገኘ። ማንም አልታሠረም። ማንም «ፀረ ልማት» አልተባለም። በምክር ቤት ወንበር ይዘው ተሟገቱ፤ የቻሉትን አሻሻሉ፤ በቀረው ተሸነፉ። በዚያው በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በኦስሎ መንገዶች ላይ አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌት ነጂ አልሞተም። በትራፊክ የሞተው በዓመቱ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ነው። በ1975 በዚችው ከተማ 41 ሰው ሞቷል። ይህ የሆነው በፍጥነት ወሰን ብቻ ነው አልልም፤ መንገዱም ተሠርቷል፣ መኪናውም ተሻሽሏል። ግን ቀስ ማለታችን ድርሻ የለውም ብዬ መከራከሩን ካቆምኩ ቆየሁ።

ባንጻሩ በያዝነው ዘመን በአገራችን የሆነውን አስተያዩት። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት መንዳት ተከለከለ፤ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነው ተባለ። ወንጀሉ ሐሰት አልነበረም። ግን በሞተር ዕቃ እያደረሰ እናቱን የሚጦር ወጣት ማንን ጠየቀ? በማን ላይ ድምፅ ሰጠ? በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በትራንስፖርት ሚኒስትሩ አንደበት ተሰማ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። የኖርዌይን የ1960 ታሪክ አስታወሳችሁ? ምክንያቱ ቃል በቃል ያው ነው! ምናልባትም ሐሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግድቡ መብራት ከሰጠ መኪናው በመብራት ቢሄድ ማን ይጠላል? ጥያቄው «የተሳሳታችሁ እንደሆነ ማን ይነግራችኋል?» የሚል ነው። ጋዜጠኛ የሚታሠርበት አገር ውስጥ የተሳሳተ ገደብ የሚታረምበት መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል፤ የ1966ቱ መንገድ።

ስለዚህ ልጡንና እባቡን ለመለየት እኔ ሁለት ጥያቄ ይበቃኛል እላለሁ። አንደኛ፣ ትእዛዙን ያወጣው ሰው እሁድ ዕለት ባቡሩ ላይ አብሮን ይሳፈራል ወይስ አጃቢ አሰልፎ ጥሩንባ እያስነፋ መንገድ አዘግቶ ያልፋል? ሁለተኛ፣ «አልስማማም» ያለ ሰው ነገ የት ያድራል? ቤቱ ነው ወይስ ወኅኒ? የመጀመሪያው ስለ ፍትሕ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ነፃነት ነው። ሁለቱም በቀና ሲመለሱ፣ ወገኖቼ፣ ቁጥሩ 60 ሆነ 30 በጨዋ ክርክር የምንጨርሰው ጉዳይ ነው። ሁለቱም ሳይመለሱ ሲቀሩ ግን የመቶ ኪሎ ሜትር ነፃነት ቢሰጡንም ኬላው አልተነሣም።

ለኛ ለተቃዋሚዎቹም አንድ ቃል አለኝ። ሁሉን ነገር እየተቃወምን ሠላሳና አርባ ዓመት ኖርን። ነገ በሕዝብ የተመረጠ መንግሥት በአገራችን ቢቆምና «በትምህርት ቤት ደጃፍ ከ30 በላይ አትንዱ» ቢለን እሺ የምንል ሰዎች ነን ወይ? ወይስ ያኔም «ደርግ መጣ» ልንል ነው? ዴሞክራሲ ሲመጣ መታዘዝም አብሮ ይመጣል። ያንን ከአሁኑ ካልተለማመድን ሸክሙ ለልጆቻችን ይተርፋል።

እኔ ዛሬም መኪና እነዳለሁ። ባለፈው ክረምት በሠፈሬ ውስጥ በ30 እየሄድኩ አንዲት ሕፃን ኳሷን ተከትላ ከቆመ መኪና ኋላ ድንገት ወጣች። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ልጅቱ ኳሷን አንሥታ፣ እጇን አውለብልባልኝ ሄደች። እኔ ግን መሪው ላይ ተደፍቼ ብዙ ደቂቃ ቆየሁ። በዐይኔ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ለካ ስለ መንገድም ነበር።

ቸር ይግጠመን።